ካሜራ አለ፣ ማሳያ የለም፦ የነጻ ሲኒማ ሕልምና የጌዴኦ ፊልም ሠሪ ኑሮ

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ወዲህ ይህ ምድር የብዙ ካሜራ ዓይን ማረፊያ ሆኗል። ረጃጅም ዛፎች ከላይ፣ እንሰቱና ቡናው ከሥራቸው ተደጋግፈው የሚያድጉበት ጥምር እርሻ፣ በሺህ የሚቆጠሩት ትክል ድንጋዮች፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበት ሶንጎ፣ የዳራሮ በዓል፤ ሁሉም ለምስል የሚያመቹ ናቸው። ጋዜጠኛው ይመጣል፣ ተመራማሪው ይመጣል፣ አስጎብኚው ይመጣል፤ ቀርጸው ይሄዳሉ። በዚያው ጊዜ ከዲላ እስከ ጪጩ፣ ከወናጎ እስከ ይርጋ ጨፌ ካሜራ ይዞ የሚሠራ የአካባቢው ወጣት አለ። እሱ በአብዛኛው የሚቀርጸው ሠርግ፣ የተማሪዎች ምርቃትና የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው። የሚያልመው ፊልም ነው፤ እንጀራ የሚሆነው ግን ሠርጉ ነው።

ይህን ክፍተት በሁለት መንገድ ማየት የተለመደ ነው። አንደኛው ወገን የወጣቱን ችሎታ ይጠይቃል፤ ሥልጠና ጎድሎታል፣ ታሪክ አመራረጡ ደካማ ነው ይላል። ሌላው ወገን የገንዘብ እጥረት ብቻ ያያል፤ ስፖንሰር ቢገኝ ሁሉም ይስተካከላል ብሎ ያምናል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ዋናው ችግር ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከቅኝ ግዛት በኋላ የመጣው የአፍሪካ ሲኒማ አስተሳሰብ በአገራችን ሲነገር ግማሹ ብቻ ነው የተነገረው። «የራሳችንን ታሪክ በራሳችን ዓይን እንንገር» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ያንን ታሪክ የት እናሳየው? ወጪውስ በማን በኩል ይመለስ? የሚለው ግማሽ ተረስቷል። በዲላና በአካባቢዋ ያለው ፊልም ሠሪ የሚወድቀው እዚህ የተረሳው ግማሽ ላይ ነው።

ሕልሙ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1969 ፈርናንዶ ሶላናስና ኦክታቪዮ ጌቲኖ የተባሉ ሁለት የአርጀንቲና ፊልም ሠሪዎች «ሦስተኛ ሲኒማ» የሚል ጥሪ አወጡ። የሆሊዉድ ንግድ አንደኛው፣ የአውሮፓ ደራሲ ፊልም ሁለተኛው ከሆነ፣ በቅኝ ግዛትና በድህነት ውስጥ ላለፈው ሕዝብ ሦስተኛ መንገድ ያስፈልጋል አሉ። ጥሪው ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ይዘቱ ነው፤ ትግሉ፣ ቁጣው፣ ነጻነቱ። ሰዎቹ ግን ከይዘቱ ባልተናነሰ ስለ ማሳያው አስበው ነበር። «የእቶኖቹ ሰዓት» የተባለውን ረጅም ፊልማቸውን በወታደራዊ አገዛዝ ሥር በድብቅ ነበር የሚያሳዩት፤ ፊልሙም በየመካከሉ እየቆመ ተመልካቹ እንዲወያይ ተደርጎ ነው የተሠራው። ለእነሱ የፊልሙ ግማሽ አካል አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነበር።

በአፍሪካም እንዲሁ ነው። የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆኖ ሳለ ወደ ፊልም የገባው ማንበብ የማይችለው ወገኑ ዘንድ ለመድረስ ነው፤ ሲኒማን የማታ ትምህርት ቤት አድርጎ ይመለከተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 «ማንዳቢ»ን በወሎፍ ቋንቋ ሲሠራ ያደረገው ነገር ፈረንሳይኛን እምቢ ከማለት ያልፋል፤ ፊልሙ ለማን እንደሆነ መወሰኑ ነበር። የያኔዋ ላይኛው ቮልታ፣ የዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲኒማ ቤቶቿን ብሔራዊ ያደረገችው የምዕራብ አፍሪካን የፊልም ስርጭት የያዙት የፈረንሳይ ኩባንያዎች የማሳያውንም በር በእጃቸው ስላደረጉ ነው። የፌስፓኮ ፌስቲቫል በዋጋዱጉ ሥር የሰደደውም በዚያው ዘመን ነው። ያ ትውልድ አንድ ነገር ገብቶት ነበር፤ ካሜራውን የያዘ ሁሉ ነጻ አይደለም፣ በሩን የያዘው ነው የሚወስነው።

ለዚህ አስተሳሰብ ሁለት ኢትዮጵያውያን ትልቅ ድርሻ አላቸው። አርሲ ጢቾ ተወልደው በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤል እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ሦስተኛው ሲኒማ ያሳተሙት መጽሐፍ ዛሬም በዓለም የፊልም ትምህርት ቤቶች ይነበባል። የሦስተኛው ዓለም ፊልም መጀመሪያ ይኮርጃል፣ ቀጥሎ ያለፈውን ያስታውሳል፣ በመጨረሻ ይታገላል ብለው ደረጃ አወጡለት። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተምረው የወጡት የጎንደሩ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ደግሞ ሐሳቡን በሥራ አሳዩት። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ዘውዱ ሊወድቅ ደርግም ሊገባ ሲል በነበረችው ጠባብ ጊዜ፣ በሁለት ሳምንት ያህል፣ በጥቁርና ነጭ ቀረጹት። ፊልሙ በባለርስት ሥር የሚማቅቅ የጭሰኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ተዋንያኑ አብዛኞቹ ባለሙያ አልነበሩም፤ ቋንቋው አማርኛ ነው።

ስለ ኃይሌ ሲነገር ብዙም የማይነሳ ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲጨርሱ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊልሙን አንወስድም አሉ። እሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ በየከተማው ያለውን የጥቁር ማኅበረሰብ እያስተባበሩ ፊልሙን ራሳቸው አሳዩ። ከዚያ ገቢና ልምድ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የፊልምና የመጻሕፍት መደብር ከፈቱ። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን ሲያገኝ፣ በቀጣዩ ዓመትም በፌስፓኮ ትልቁን የየኔንጋ ፈረስ ሲወስድ የተጨበጨበለት ጥበቡ ነበር። ከጥበቡ በስተጀርባ ግን በራሱ እጅ የሚያሰራጭ፣ ገቢውን ወደ ቀጣዩ ሥራ የሚመልስ ሰው አለ። ወጣቶቻችን ከኃይሌ ቁጣውን ወርሰዋል፤ መደብሩን አልወረሱም።

ያልተገዛች አገር፣ የተገዛ ምስል

«ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ ጉዳይ አይመለከተንም» የሚል መልስ አለ። ከአምስት ዓመቱ የጣሊያን ወረራ በቀር አገሪቱ ቅኝ አለመገዛቷ እውነት ነው። ምስሏ ግን በሌላ እጅ ቆይቷል። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲያሳይ ብዙ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ወገን እልቂት ከውጭ ነው የሰሙት። ደርግ ደግሞ ያንኑ ፊልም ከንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ ምስሎች ጋር አዳቅሎ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት በቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አንድ ፊልም በሁለት እጅ ሁለት ሥራ ሠራ። የቀረጸው እንግሊዛዊ ነበር፣ ያቀናበረው ወታደር፤ የተቀረጸው ገበሬ በሁለቱም ቦታ ድምፅ አልነበረውም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሲደገም ታሪኩም ተደገመ።

የጌዴኦ ሕዝብ ይህን በቅርቡ ቀምሶታል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከታዩት ትልልቅ የአገር ውስጥ መፈናቀሎች አንዱ ነበር። የዜና ማሰራጫዎችና የእርዳታ ድርጅቶች ካሜራ መጣ፤ ድንኳኑን፣ ወረፋውን፣ የሕፃናቱን ዓይን ቀረጸ። መምጣቱ ያስመሰግነዋል፤ እርዳታ ያስገኘው እሱ ነው። ይሁን እንጂ የእርዳታ ምስል ሰውን የሚያሳየው በተቸገረበት ቀን ብቻ ነው። ሰውየው ከዚያ በፊት ቡና ለቃሚ፣ ዳኛ፣ ቀልደኛ፣ የጎረቤቱ ጉጂ አማች እንደነበረ የሚያሳየው ረጅም ታሪክ ነው። ያንን መሥራት የሚችለው ጠዋት ዜና ልኮ ማታ የማይሄድ ሰው ነው።

ያለ መመሪያ የተሠራ ሲኒማ

የኢትዮጵያ ፊልም ታሪክ በጥቂት ሥራዎች ነው የጀመረው። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም.፣ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ታዩ። በደርግ ዘመን ሲኒማ ቤቶች ተወረሱ፣ የፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ ከሥርዓቱ መውደቅ በኋላ ኮርፖሬሽኑም ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላቀደውም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቪዲዮ ካሜራና የኮምፒውተር ኤዲቲንግ በእጅ ሲገቡ፣ የመንግሥት ድጎማም የአውሮፓ ፈንድም ሳይጠብቁ፣ ነጋዴዎችና የቲያትር ሰዎች በአማርኛ ፊልም መሥራት ጀመሩ። «ጉዲፈቻ» እና «ቀዝቃዛ ወላፈን» የመሳሰሉት ፊልሞች በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ረጅም ሰልፍ አሰለፉ። ናይጄሪያውያን እ.ኤ.አ. በ1992 በኢግቦ ቋንቋ በተሠራው «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» የጀመሩትን ጉዞ የእኛዎቹ በራሳቸው መንገድ ደረሱበት።

የተማረው ወገን ይህን ሲኒማ ንቆታል። ታሪኩ ይደጋገማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ፍቅርና ሀብት ብቻ ነው ተባለ። ትችቱ በብዙ ፊልሞች ላይ ትክክል ነው። የሚበልጠው ግን ያልታየው ነገር ነው። የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች በአልጀርስና በኒያሜ ባወጧቸው መግለጫዎች የተመኙትን፣ በአገር ገንዘብ፣ በአገር ቋንቋ፣ ለአገር ተመልካች የሚሠራ ሲኒማ፣ ያደረጉት እነዚሁ የተናቁት ፕሮዲዩሰሮች ናቸው። ከእነሱም ነገሩ በደንብ የገባው ቴዎድሮስ ተሾመ ነው፤ ፊልም መሥራት ብቻውን እንደማያዋጣ አይቶ ሴባስቶፖል ሲኒማን ከፈተ። ኃይሌ ገሪማ በዋሽንግተን፣ ቴዎድሮስ በአዲስ አበባ፤ የፊልም አመለካከታቸው የተራራቀ ሁለት ሰዎች አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ማሳያ የሌለው ፊልም ሠሪ የሌላ ሰው ተቀጣሪ ነው።

ሒሳቡ የማይሞላበት ምክንያት

የዛሬን ፕሮዲዩሰር ሒሳብ በቀላል ምሳሌ እንየው። አንድ ፊልም አንድ ሚሊዮን ብር ፈጀ እንበል። የመግቢያ ትኬቱ 100 ብር ቢሆንና ሲኒማ ቤቱ ግማሹን ቢወስድ ለፕሮዲዩሰሩ ከአንድ ተመልካች 50 ብር ይደርሰዋል። ግብርና ማስታወቂያ ሳይነሳ፣ ወጪውን ለመመለስ ብቻ 20 ሺህ ሰው ያስፈልገዋል። 200 ወንበር ባለው አዳራሽ 100 ጊዜ ሙሉ ቤት ማሳየት አለበት ማለት ነው። ጥሩ የማሳያ ሰዓት የሚገኘው በወረፋ በሆነበት፣ አዳራሾቹም በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች በተከማቹበት አገር ይህ ሒሳብ ለታወቀ ተዋናይና ለቀልድ ፊልም ይሠራ ይሆናል። ስለ ትክል ድንጋይ ወይም ስለ ገበሬ አመፅ ለሚያወራ ፊልም ግን አይሠራም።

በዚህ ላይ ምቱ ተደራረበ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የተተረጎመ የቱርክ ተከታታይ ድራማ ይዞ ሲመጣ ፕሮዲዩሰሩ ከቤት ውስጥ ተፎካካሪ ገጠመው። ብዙ ባለሙያዎች ተቃወሙ። የተቃውሟቸው ፍሬ ነገር የባህል ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ አንድን የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ መተርጎም አዲስ ድራማ ከመሥራት እጅግ ስለሚረክስ ውድድሩ ከመነሻው እኩል አልነበረም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሲኒማ ቤቶች ተዘጉ፤ የተመልካቹ ልማድ ተቋረጠ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ካሜራውም፣ ሌንሱም፣ መብራቱም፣ ሃርድ ዲስኩም ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ ትኬቱን ግን በዶላር ልክ ማናር አይቻልም፤ ተመልካቹ የሚከፍለው በብር፣ በዚያው ደመወዙ ነው።

የቀረው በር ዩቲዩብ ነው፤ የብዙ ፊልም ዕድልም ዛሬ እዚያ ነው። በዱባይ፣ በዋሽንግተን፣ በቤይሩት ያለው ወገን ያየዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ዩቲዩብ ከአንድ እይታ የሚከፍለው ትንሽ መሆኑ ነው። በሰፊው ለሚነገር ቋንቋ የእይታው ብዛት ያካክሰዋል፤ ለጠባብ ቋንቋ ግን አያካክሰውም። ስለዚህ ፕሮዲዩሰሩ ሳይወድ በግድ ወደ ብዙኃኑ ቋንቋ፣ ወደ ብዙኃኑ ታሪክ፣ ወደሚያስደነግጥ ርዕስ ይገፋል። ነጻ ገበያ የሚመስለው ነገር የራሱ ሳንሱር አለው።

የፌስቲቫሉ መንገድ

ሌላ መንገድም አለ፤ የውጭ ፈንድ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ከዚያ ዓመት በፊት የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ሁለቱም ያኮሩናል። «ድፍረት» የጠለፋን ጉዳይ፣ «ላምብ» የአንድን ልጅ ብቸኝነት በጥንቃቄ ይነግሩናል።

ይህ መንገድ ግን ለአገር ሲኒማ መሠረት ሊሆን አይችልም። የፈንዱ መስፈርት የሚወጣው እዚያ ነው፤ ጽሑፉ በውጭ ቋንቋ ተተርጉሞ ለውጭ አንባቢ እንዲገባ ሆኖ ይቀርባል፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የማሳያ መብቱ በውጭ አከፋፋይ እጅ ይገባል። አሠራሩ ተረኛውን ዕድለኛ ያሳልፋል እንጂ ለዲላ ወጣት ደረጃ አይሠራም። ታሪካችን እንደ ጥሬ ቡና በኩንታል ይወጣል፤ ተቆልቶና ታሽጎ በሌላ ስም፣ በሌላ ዋጋ ይመለሳል። በቡና ጉዳይ ይህን ሥርዓት ለመለወጥ የታገለ አካባቢ በፊልም ጉዳይ ዝም ሊል አይገባም።

ጌዴኦ ላይ ሲደርስ

አሁን ወደ ጪጩና ወደ ዲላ እንመለስ። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ነዋሪ ከ840 ሺህ በላይ ነበር። ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞያሌ መንገድ ላይ ያለች የንግድና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ በገበያዋ ጌዴኦኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛና ጉራጊኛ ይሰማል። ፊልም ሠሪው የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ በየትኛው ቋንቋ?

ሴምቤን ፈረንሳይኛን ትቶ ወደ ወሎፍ ሲሄድ ነገሩ ግልጽ ነበር። እዚህ እንደዚያ አይቀልም። አማርኛ ከባሕር ማዶ የመጣ ቋንቋ አይደለም፤ የከተማው ሰው ይግባባበታል፣ ብዙ የጌዴኦ ልጆችም ይጽፉበታል። በዚያው ልክ በእንሰት ማሳ ውስጥ፣ በሶንጎ፣ በለቅሶ ቤት፣ በዳራሮ ምስጋና ላይ የሚነገረው ጌዴኦኛ ነው። አባት ልጁን በጌዴኦኛ የሚቆጣበትን ትዕይንት በአማርኛ ሲያሠሩት ተዋናዩ ራሱ ይደርቃል። ከእኔ ወገን ያለው መልስ ይህ ነው፦ ትዕይንቱ በሚኖርበት ቋንቋ ይነገር፣ ሌላው በጽሑፍ ይተርጎም። በገበያው አማርኛ፣ በቤት ጌዴኦኛ፤ የዲላ ሕይወት ራሱ እንዲህ ስለሆነ። ይህ ተመልካችን አያሳጣም፤ ስለ አካባቢው እውነት የማይናገር ፊልም ነው ተመልካች የሚያጣው።

ለፊልም የሚሆን ታሪክ እጥረት እንደሌለም ማስታወስ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በቡና መሬታቸውና በምርታቸው ላይ በተጫነባቸው የባለርስት ቀንበር ላይ ተነሱ። ምችሌ በተባለው ስፍራ ጦር የያዘ ገበሬ ጠመንጃ ከያዘ ኃይል ጋር ተጋጠመ፤ ብዙ ሰው አለቀ። ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም. የቀረጹት የጭሰኛ ሕይወት እዚህ ከ14 ዓመት በፊት በደም የተጻፈ ነው። ያኔ የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ምስክር ዛሬ 80 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ይህ ትዝታ ያለው በሽማግሌዎች አንደበት ነው፤ አንደበቱም እየተዘጋ ነው። «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ እንደጀመረ የምናስተምረው ትውልድ፣ ከዚያ ሰልፍ ቀድሞ ምችሌ ላይ የወደቀውን ገበሬ በምስል ሊያገኘው ይገባል። ድኅረ ቅኝ ግዛት የሚባለው አስተሳሰብ ለእኛ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ነው፤ የውጭ ገዥን ብቻ ሳይሆን በአገር ውስጥ ማን በማን ላይ እንደተጫነ መመርመር ሲችል።

እንዲህ ያለውን ፊልም የሚያስብ ወጣት ምን ይገጥመዋል? ደብዳቤ ይዞ ወደ ቢሮ ይሄዳል፤ «በጀት የለም፣ ግን ለበዓሉ ዘጋቢ ፊልም ሥራልን» ይባላል። ነጋዴ ጋ ይሄዳል፤ ስፖንሰሩ በምላሹ ባነሩ በየትዕይንቱ እንዲታይ ይፈልጋል። ካሜራ ከሐዋሳ ወይም ከአዲስ አበባ በቀን ሒሳብ ይከራያል፤ ዝናብ ከዘነበ ኪራዩ ይቆጥራል። ጓደኞቹ በነጻ ይተውናሉ፤ በመሐል አንዱ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል። እንደምንም አልቆ አዳራሽ ተለምኖ ይመረቃል፣ ጭብጨባ ይሆናል። በማግስቱ ፊልሙ መሄጃ የለውም። ሰውየው ወደ ሠርጉ ይመለሳል። የመጀመሪያ ፊልሙን ሠርቶ ሁለተኛውን ያልሠራው ብዙ ነው፤ የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ የማግስቱ ባዶነት ነው።

መፍትሔው አጠገባችን ያለው

ይህ አካባቢ መልሱን በሌላ ሥራ አግኝቶታል። የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሲቋቋም አንድ ገበሬ ብቻውን ገዥን መደራደር እንደማይችል ታውቆ ነበር። አርሶ አደሩ በመሠረታዊ ማኅበር፣ ማኅበራቱ በዩኒየን ተደራጅተው፣ ማጠቢያውንና መጋዘኑን በጋራ ይዘው፣ በቀጥታ ወደ ውጭ ገዥ ደረሱ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች በተመለከተ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደረሰች፤ ስም ራሱ ሀብት እንደሆነ ዓለም ተቀበለ። ሥርዓቱ ፍጹም አይደለም፤ ገበሬው አሁንም ብዙ የሚያማርረው አለ። ቢሆንም መርሁ ትክክል ነው፤ የብቻ ድካም ሲደራጅ አቅም ይሆናል።

ፊልም ሠሪውም እንዲህ መደራጀት አለበት። በዲላ፣ በይርጋ ጨፌ፣ በጪጩ፣ በወናጎ በየግሉ ሠርግ የሚቀርጸው ባለሙያ በኅብረት ሥራ ማኅበር ቢጣመር፣ አንድ ጥሩ ካሜራ፣ አንድ የድምፅ መቅረጫ፣ አንድ የኤዲቲንግ ኮምፒውተር በጋራ ይገዛል። የሠርጉ ገቢ የፊልሙ ካፒታል ይሆናል። የሠርግ ቀረጻ አያሳፍርም፤ የዚህ ሲኒማ ባንክ እሱ ነው።

ቀጥሎ ማሳያው። ትልቅ ሲኒማ ቤት መገንባት አያስፈልግም፤ በየከተማው ያለው የኳስ ማሳያ ቤት በቂ መነሻ ነው። ድሮ በቪዲዮ ቤቶች የሕንድና የአሜሪካ ፊልም ሲታይ እነዚያው አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ። ዛሬ ቴሌቪዥኑ ትልቅ ሆኗል፣ ጄኔሬተሩ አለ፣ ጨዋታ በሌለበት ሰዓት ቤቱ ባዶ ነው። ባለቤቱና የፊልም ሠሪዎቹ ማኅበር ገቢውን በተቆጠረ ትኬት ቢካፈሉ ሁለቱም ይጠቀማሉ። 20 ብር የሚከፍል 60 ሰው በአንድ ማሳያ 1 ሺህ 200 ብር ነው፤ በ10 ከተማ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢታይ 24 ሺህ ብር ይሆናል። ሀብታም አያደርግም፤ ሁለተኛውን ፊልም ለመጀመር ግን መነሻ ይሆናል። በገጠሩ ደግሞ ሶንጎ አለ። ፊልም ታይቶ ሽማግሌው፣ ሴቶቹ፣ ወጣቱ የሚናገሩበት ማሳያ ሶላናስና ጌቲኖ የፈለጉት ነው፤ ጌዴኦ ውስጥ የመወያያው ሥርዓት ከፊልሙ ቀድሞ አለ።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሥልጠና መስጠት ይችላል፤ ከሥልጠናው በላይ የሚያስፈልገው ግን መዝገብ ነው። የምችሌ ምስክሮች፣ የ2010 ዓ.ም. ተፈናቃዮች፣ የሶንጎ ዳኞች ቃል በድምፅና በምስል ተቀምጦ ፊልም ሠሪው እንዲጠቀምበት ይሁን። የክልሉ ቴሌቪዥን የአካባቢን ፊልም በነጻ ከመጠየቅ ይልቅ በተወሰነ ዋጋ ይግዛ። የፌዴራል መንግሥት በ2010 ዓ.ም. የፊልም ፖሊሲ አውጥቷል፤ ፖሊሲው ወደ ዞን ከተሞች እስካልወረደ ድረስ የአዲስ አበባ ሰነድ ሆኖ ይቀራል። የቅጂ መብት አዋጁም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የተቀዳ ፊልም በስልክ ለስልክ ሲተላለፍ የሚጠይቅ አካል በየከተማው ከሌለ ሕጉ ለፊልም ሠሪው አይደርስም።

ሁለት ተቃውሞዎች

አንደኛው፣ «የመንግሥት እጅ ሲገባ ፊልሙ የፕሮፓጋንዳ ዕቃ ይሆናል» የሚለው ነው። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ የደርግ ዘመን አሳይቶናል። ለዚህ ነው ድጋፉ በጽሑፉ ላይ ሳይሆን በማሳያው ላይ መሆን ያለበት። አዳራሽ ያዘጋጅ፣ የመሣሪያ ቀረጥ ያቅልል፣ ፈቃዱን ያፋጥን፤ ፊልሙ የሚናገረውን ግን ለፊልም ሠሪው ይተው። ምችሌን የሚሠራ ወጣት የዛሬውን ባለሥልጣን ማስደሰት ካለበት ፊልሙ ባይሠራ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ «ሰው ሁሉ ስልክ ላይ ነው፤ አዳራሽ የት ይሄዳል?» የሚለው ነው። ስልክ ያሳያል፤ አያገናኝም። አንድ ሰው በጆሮ ማዳመጫ ያየው ፊልም የግል ስሜት ሆኖ ይቀራል፤ 60 ሰው አብሮ ያየው ደግሞ በማግስቱ በገበያው ወሬ ይሆናል፣ ሙግት ያስነሳል፣ ለቀጣዩ ፊልም ተመልካች ያዘጋጃል። ኳስ በቤት በስልክ መታየት እየቻለ ሰው አሁንም ገንዘብ ከፍሎ ከሰው ጋር ያየዋል። ፊልምም የአካባቢውን ሰው ፊት፣ የአካባቢውን ቋንቋ፣ የአካባቢውን ሙግት ሲያመጣ ያ ሰው ይመጣል።

ለቲዎሪው የተሰለፈው ምሁርና ለገበያው የተሰለፈው ፕሮዲዩሰር ለረጅም ጊዜ ተናንቀው ኖረዋል። አንዱ «ትርጉም የለህም» ይላል፣ ሌላው «ደመወዝ አለህ፣ እኔ የለኝም» ይላል። አንዱ የሌላውን ጉድለት ያያል፤ ምሁሩ ታሪኩንና ጥያቄውን ይዟል፣ ፕሮዲዩሰሩ ተመልካቹንና ሒሳቡን ይዟል። ጌዴኦ ይህን ጠብ የሚጨርስበት ዕድል አለው፤ ዩኒቨርሲቲው፣ የኅብረት ሥራ ልምዱ፣ የመወያያው ባህል፣ ያልተቀረጸው ታሪክ እና ካሜራ የያዘው ወጣት በአንድ ዞን ውስጥ ናቸው። የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። የዞኑ ባህል ጽሕፈት ቤት በመጪው ዳራሮ ሌላ ዘጋቢ ፊልም ከማዘዝ ይልቅ አሥር የኳስ ማሳያ ቤቶችን ከፊልም ሠሪዎቹ ጋር ያፈራርም። ከዚያ በኋላ የጌዴኦን ታሪክ ማን ይንገረው የሚለውን ጥያቄ ትኬት የቆረጠው የጌዴኦ ተመልካች ራሱ ይመልሰዋል።